የእትዬ አስካለ ዳቦ

ይህን ታሪክ ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ብዙ አመነታሁ። የሞተው ሰው ዘመዴ አይደለም፤ ቤቱም የኛ አልነበረም። በዚህ ከተማ ስንት ሰው ቤት ይሸጣል፣ ይከራያል፣ ይገዛል፤ ስንቱስ መርዶ ይረዳል። ታዲያ ይሄ ምኑ ይወራል? ባለፈው ሳምንት ግን ዶርም ውስጥ አንዲት የክፍሌ ልጅ እናቷ ጋ ስትደውል ቆይታ ስልኩን ዘረጋችልኝና «እስቲ አንቺ ሞክሪው፣ ኔትወርክ እምቢ አለኝ» አለችኝ። ተቀበልኳት፤ ቁጥሩን መንካት ግን አቃተኝ። «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። መልሱ ረጅም ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ጌጃ ሰፈር የነበረንን ጠባብ ቤት ሸጦ ሰፋ ያለ ሊገዛ ተስማምቶ ነበር። የኛው ተሽጦ ሳለ የሚገዛው ቤት ወራሾች እርስ በርስ ተጣሉና ነገሩ ፈረሰ። የኛን የገዛው ሰው ደግሞ ክፍያውን ጨርሶ ቁልፍ ይጠብቃል። ሌላ ቤት እስኪገኝ ብለን ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ካለ ቅያስ ውስጥ፣ እትዬ አስካለ ከሚባሉ ሴት ሁለት ክፍል ተከራየን።

እናቴ ዕቃውን ከካርቶን አላወጣችውም። «ለመንገደኛ መጋረጃ ምን ያደርግለታል» ትል ነበር። ሁለት ድስት፣ ጥቂት ሳህንና ፍራሾቻችን ብቻ ወጡ። ሁዳዴ ስለነበር ሽሯችንንና ጎመናችንን የተገለበጠ ካርቶን ላይ አቅርበን እንበላለን። ጎረቤት ሲጠራን «እኛ እኮ እንግዶች ነን» ብላ ትቀራለች። እትዬ አስካለ በራችን ላይ ቆመው ይስቁብናል።

«እናንተ ሰዎች፣ ቤቴ አውቶቡስ ተራ መሰላችሁ እንዴ? ኧረ አረፍ በሉ፣ መኪናው ጥሏችሁ አይሄድም!»

ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። አንድ ልጃቸው ግርማ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ዓይናቸው የስልኩን ቁጥር ስለማያይላቸው፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠብቀው ይጠሩኛል። «ቤዛ፣ ነይ ለዚያ ፀሐይ ለጠበሰው ልጅ ደውዪልኝ።» ግርማ መጀመሪያ ከኔ ጋር ይቀልዳል። «ጸሐፊዋ፣ አለቃሽ ዛሬ እንዴት ናቸው? ተቆጥተዋል?» እሳቸው ከጎኔ ሆነው «ምን አለ? ስለኔ ነው?» እያሉ ስልኩን ይነጥቁኛል። መልኩን አይቼው አላውቅም። የማውቀው ድምፁንና ከድምፁ ኋላ የሚያጓራውን ሞተር ነበር።

መጋቢት ሊያልቅ ሲል ቤት ተገኘ። ቁልፉ አባቴ ኪስ ገባ፤ ቅዳሜ ልንወጣ የጭነት መኪና ተነጋገርን። እትዬ አስካለ ሲሰሙ «ከቤቴ ባዶ እጃችሁን አትወጡም» ብለው ስንዴ አስፈጩ።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ታደሰ በሩ ላይ ከአባቴ ጋር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። የግርማ መኪና ተገልብጧል። ሞቷል። የእትዬ አስካለ እህት ከደሴ እስክትደርስ መርዶው ለእሑድ ማለዳ ተቆርጧል።

«እስከዚያ ጡሩምባ አይነፋም፣ ጥቁር የሚለብስ የለም» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ጋሼ፣ እኛ እኮ ነገ ልንወጣ ነበር» አለ አባቴ።

«ብትወጡ ብቻዋን ልትቀር ነው። ሹፌሩ መኪናው ተበላሸብኝ አለ በሏት።» ወደኔ ዞሩ። «የምትደውዪላት አንቺ ነሽ አሉ። ኔትወርክ የለም በያት። ልጄ፣ ዘመድ ሳይከባት በስልክ ሰምታ ብትወድቅስ?»

እንግዳ ነን ስንል ከርመን በዚያች ቀን ጎረቤት ሆንን።

ቅዳሜ እትዬ አስካለ በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ተሸክመው ገቡ። መኪናው ስለመቅረቱ ሹፌሩን ረገሙልን። ከዚያ ገና ያልገባንበትን ቤት «ቤት ለእንቦሳ!» ብለው እልል አሉ። እናቴ «እንቦሳ እሰሩ» ብላ ዳቦውን ተቀበለቻቸው። ዳቦው ሞቅ ያለ ነበር፤ ጥቁር አዝሙድ ይሸታል። አባቴ ጎንበስ ብሎ ያኝካል። እናቴ ቁራሹን ከአንዱ ጉንጯ ወደ ሌላው ታዘዋውራለች።

«ምነው፣ ጨው አነሰው?»

«ኧረ ምንም አላነሰው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ብሉ! ቤዛ፣ በይ ለግርማ ደውዪና እሱም ይመርቃችሁ።»

ቁጥሩን ሳልነካ ስልካቸውን ጆሮዬ ላይ ያዝኩት። «ኔትወርክ የለም፣ እትዬ።»

«ትናንትም ኔትወርክ፣ ዛሬም ኔትወርክ! እሺ ጻፊለት። ለፋሲካ እዚሁ ና በይው። ሰዎቹ ሊወጡ ነው፣ ክፍሎቹን ከእንግዲህ ለሰው አላከራይም። ሚስት አግባና ግባበት፣ እኔም የልጅ ልጅ ልይ በይው።»

ጣቶቼን መስታወቱ ላይ አንቀሳቀስኩ። አንድ ፊደል አልጻፍኩም።

«ጨረስሽ? አንብቢልኝ እስቲ።»

ባዶው ገጽ ላይ ዓይኔን ተክዬ ያሉትን ሁሉ አነበብኩላቸው።

«ጎሽ! ላኪው።»

«ልኬዋለሁ።»

ጭንቅላቴን ዳሰሱኝና ለጎረቤት የሚሰጡትን ዳቦ ሊቆርሱ ወጡ።

እሑድ ማለዳ በሩ ተንኳኳ፤ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። የሆነውን መጻፍ አልችልም። እናቴ ግን ያን ቀን ካርቶኖቹን ሁሉ ቀደደቻቸው። ሳህኖቹ፣ ብርጭቆዎቹ፣ ለአዲሱ ቤት የተገዛው ምንጣፍ ሳይቀር ድንኳን ውስጥ ገባ። «አሁን እንዴት ጥለናቸው እንወጣለን?» አለችው አባቴን፤ እሱም ቁልፉን ሳጥን ውስጥ ከተተው።

የለቅሶው ሰው ሲሳሳ እትዬ አስካለ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ቅዳሜ ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እናትና አባትሽም?»

«አዎ።»

«ያንን ዳቦ እንዴት አድርጋችሁ ዋጣችሁት፣ ልጄ?»

ቁጣ አልነበረበትም። የምር ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። ወዲያው ሌላ አልቃሽ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አላነሱትም።

እናቴ ዛሬም «ወጉ ነው፤ ደግሞም ያችን ቅዳሜ ደስ ብሏቸው ዋሉ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እኔም መርዶን በዘመድ ፊት፣ በማለዳ መንገር ደግ ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገም ቢያዙኝ እሺ የምል ይመስለኛል፤ ይሄ ራሱ ያስፈራኛል። ጥሩ ልጅ፣ ታዛዥ ልጅ ሲሉኝ ነው ያደግኩት። እዚህም አስተማሪ የሚለኝን ሁሉ እሠራለሁ። ግን ስልክ ባየሁ ቁጥር የሚመለስብኝ አንድ ነገር አለ፦ ያንን ባዶ ገጽ ሳነብላቸው ድምፄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም።

አርባው በዋለ ማግስት እትዬ አስካለ ራሳቸው «ሂዱ እንጂ፣ ሰው የሌለበት ቤት ይቀዘቅዛል» ብለው ሸኙን። ዕቃው ተጭኖ ከግቢያቸው የወጣነው ግንቦት አራት ቀን ነበር።