ጋሼ በላይ ሊጠይቁኝ የመጡ ቀን

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ኦክላንድ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነበርኩ። ከአፓርታማዬ በላይ ብቻቸውን የሚኖሩትን ጡረተኛ መምህር፣ ጋሼ በላይን፣ በስንት ልመና የፍሉ ክትባት የወጋኋቸው እኔ ነኝ። እኔም ተከትቤያለሁ። የዚያ ዓመት ቫይረስ ግን መልኩን ቀይሮ መጣና አልጋ ላይ ጣለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ በላይ ናቸው፣ ሎሚ ይዘው።

«ጋሼ አይግቡ፣ ይይዝዎታል!»

«አንቺው ወግተሽኝ የለም እንዴ?» ብለው ገቡና ወንበር ሳቡ።

«ክትባቱ የዘንድሮውን አልቻለውም፤ እኔን አያዩኝም?»

ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ «ሻይ አፍልተን እንጠጣ» አሉ። እኔ ለእሳቸው ፈርቼ፣ «በሞቴ ይሂዱልኝ፣ ነገ ኮል አደርግልዎታለሁ» እያልኩ በሩን ከፈትኩላቸው። ደረጃው ጋ ቆም ብለው ዞረው አዩኝ፤ ከዚያ ወጡ።

ብዙም ሳይቆዩ ሆስፒታል ገቡ። ሲሻለኝ ሄጄ አልጋቸው ጠርዝ ላይ አለቀስኩ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያስተላለፍኩብዎት።»

የኦክስጅኑን ጭምብል ገለጥ አደረጉ። «አንቺ አይደለሽም፣ ልጄ። ያን ቀን እኮ ትኩሳት እያንቀጠቀጠኝ ነው የመጣሁት። ብቻዬን መታመም ፈርቼ።»