የተጣመሩት ዲስኮች

ግጥሞቼ ያሉባቸውን ሁለት ዲስኮች እንደ አንድ እንዲሠሩ ያጣመርኳቸው በኮምፒውተሬ ማዘርቦርድ ላይ ባለው፣ ሬይድ በሚባለው ዘዴ ነበር። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማዘርቦርዱ ተቃጠለ። ጋምቤላ ገበያ አጠገብ ያሉት ኮምፒውተር ጠጋኝ ዲስኮቹን ሌላ ማሽን ላይ ሲሰኳቸው ባዶ መሰሉ።

«ፎርማት ላድርጋቸው?» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ እንዳይነኳቸው! ግጥሞቼ በሙሉ እዚያ ናቸው።»

«እንግዲያው ከተቃጠለው ጋር አንድ ዓይነት ቦርድ ፈልግ፤ ሌላው አያነባቸውም። ወይ በቃልህ ጻፋቸው፤ ገጣሚ አይደለህ?»

ቦርዱ ጋምቤላ ውስጥ አልተገኘም። ተስፋ ሳልቆርጥ ስለ ሬይድ በስልኬ ሳነብ ሰነበትኩ። ለካ የእኔ ቦርድ ራሱን የቻለ የሬይድ ካርድ የለውም፤ ዲስኮቹን የሚያጣምረው ሶፍትዌር ነው። እንዲያ ከሆነ ሌላ ሶፍትዌርም ሊያነባቸው ይችላል። ሊኑክስ የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ሶፍትዌር በፍላሽ ይዤ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። በሦስተኛው ሙከራ ግጥሞቼ ተከፈቱ።

«እስቲ አንዱን አንብብልኝ» አሉ ጠጋኙ።

«ይቆዩኝ ጋሼ፣ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ልገልብጣቸው።»