ከግድግዳው ወዲያ

እዚህ በስደት አገር፣ ስካይዌይ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤተ ክርስቲያናችን የሚገኘው ድሮ የዕቃ መጋዘን በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሕንፃውን አንድ ስስ ግድግዳ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ወዲህ እኛ ኦርቶዶክሶቹ፣ ወዲያ ጴንጤዎቹ። እሑድ ጠዋት የእኛ ከበሮ ወደ እነሱ ያልፍ፣ የእነሱ ኪቦርድ ደግሞ ቅዳሴያችን መሀል ይገባ ነበር። ለዓመታት ፓርኪንጉ ላይ ስንገናኝ አንገታችንን ነቅነቅ አድርገን ብቻ እንተላለፍ ነበር። እዚያ ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ ለማወቅ እጓጓ ነበር፤ ጠይቄ ግን አላውቅም ነበር።

ያቀራረበን የሌሎች ተቃውሞ ነው። ከመንገዱ ማዶ አዲስ አፓርታማ ተሠራና የገቡት ሰዎች በድምፁም በመኪናውም ተማረሩ። ሁለታችንም ከዚያ እንድንነሣ አመለከቱ፤ ነገሩን ለማየትም የአካባቢው አስተዳደር ስብሰባ ጠራ። በዕድሜ የገፉት ቄሳችን እኔን አስተርጓሚ አድርገው ሄዱ። ከወዲያ በኩል ፓስተሩና አንዲት ነርስ መጡ፤ የሆሳዕና ልጅ ናት።

ኮሪደሩ ላይ ተራ ስንጠብቅ ነርሷ ወደ እኔ ዞረች።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ግዕዙን ትሰማዋለህ?»

እውነቱን ነገርኳት። ጥቂቱን እሰማለሁ፤ የቀረውን ከልጅነቴ ስለለመድኩት ልቤ ይከተለዋል እንጂ ተርጉም ብባል አልችልም። እኔም በተራዬ በግድግዳው በኩል ስለምሰማው የልሳን ጸሎት ጠየቅኋት። ትንሽ አሰበችና፣ የሚባለውን ሁልጊዜ እንደማታውቀው፣ ግን ከጸሎቱ ስትነሣ ቀልሏት እንደምትነሣ አጫወተችኝ።

አባ አጠገባችን ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ይቆጣሉ ብዬ ሰጋሁ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው እነሱም ይጾሙ እንደሆነ ጠየቋት። አንዳንዴ ሦስት ቀን ያለ እህል ያለ ውሃ እንደሚጾሙ ነገረቻቸው።

«ውሃም?»

«አዎ አባ፣ ውሃም።»

አባ መቁጠሪያቸውን መቁጠር ጀመሩ።

ስብሰባው ላይ የአፓርታማው ሰዎች ቅሬታቸውን በጨዋነት ተናገሩ። ከዚያ ሰብሳቢዋ፣ ሁለታችሁ አንድ ቤተ ክርስቲያን ናችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። አባ ተነሡ።

«አንድ አይደለንም፤ በብዙ ነገር አንስማማም። ግን እነሱም የክርስቶስን ስም የሚጠሩ ናቸው። እነሱን አስወጥታችሁ እኛን ብታስቀሩን አንቀበልም።»

ቃል በቃል ተረጎምኩት። የፓስተሩ ተራ ሲደርስ እሳቸውም ስለ እኛ እንደዚያው ተናገሩ።

ድምፅ እንድንቀንስና መኪናችንን መንገድ ላይ እንዳናቆም ተነግሮን ሁለታችንም ቀረን። ፓርኪንጉ ለሁላችንም እንዲበቃ ጴንጤዎቹ ጉባኤያቸውን ወደ ከሰዓት አዛወሩ። ከእኛ ምእመናን ግን ቅር ያላቸው ነበሩ። ከመናፍቃን ጋር እንዴት ይቆማሉ ብለው አባን ወቀሱ። አባም ያልሆነ ነገር ተናግሬ እንደሆነ ንገሩኝ አሉ። አንዳንዶቹ እስካሁን እንዳኮረፉ ናቸው።

አሁን እኛ ስንወጣ እነሱ ይገባሉ፤ ከነርሷም ጋር ቆም ብለን እንጨዋወታለን። ባለፈው እሑድ፣ ሰዎቹ ከቅዳሴ ሲወጡ አፋቸውን በነጠላ የሚሸፍኑት ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቆርበው ነው አልኳት።

እሷ ብርዱን ፈርተው መስሏት ነበር።