ለመኪና የተለካ ኮርቻ

ሰሞኑን ለሥራ ወደ ደብረ ታቦር ስንወጣ የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር ሀብታሙ ከወረታ ጀምሮ ስለ አዲሷ መኪና መቀመጫ ሲያስረዳኝ ነበር። መቀመጫው በጎኑ በተደረደሩ ቁልፎች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ወገብን እንደ መዳፍ ደገፍ የሚያደርግ ነገር አለው፣ ሲበርድ ይሞቃል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሹፌሩን ልክ ያስታውሳል። አለምበር ላይ ሻይ ልንጠጣ ስንቆም እኔን በእሱ ቦታ አስቀምጦ ቁልፎቹን አስነካኝ፤ ወንበሩ ከእኔ ቁመት ጋር ከተስማማ በኋላ አንዷን ቁልፍ ሲጫናት ቀስ ብሎ እያጉረመረመ እኔን ወደ ኋላ ገፍቶ ወደ እሱ ልክ ተመለሰ። «አዩልኝ እትዬ፣ ማንም ቢቀመጥበት እኔን አይረሳኝም» አለኝ። እኔ ግን ልቤ ከቁልፎቹ ላይ አልነበረም። ፀሐይ የመታው የወንበሩ ቆዳ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው፣ የአባቴ የጭነት መኪና ጋቢና ሸተተኝ። በትክክል ለመናገር ግማሹ ሸተተኝ፤ በአባቴ ጋቢና ውስጥ ከቆዳው ሽታ ጋር ናፍጣ፣ የእህል አቧራ፣ የረጠበ ጋቢ፣ የበቅሎም ላብ ነበረበት።

የበቅሎ ላብ የጭነት መኪና ውስጥ እንዴት እንደገባ ማስረዳት ይኖርብኛል።

አባቴ ጌታሁን የሐጂ ኑሩን መኪና ይነዳ ነበር። ሐጂ ኑሩ የደብረ ታቦር የእህል ነጋዴ ናቸው፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ሲስቁ ድምፅ የማያሰሙ፣ ሲቆጡም የማይጮኹ ሰው። አባቴ ከጉና ሥር የወረደውን ገብስና ድንች ጭኖ በአዲስ ዘመን በኩል ዞሮ እብናት ያደርሳል፤ ከእብናት ደግሞ ማሽላና ጤፍ ይዞ ይመለሳል። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበር፤ ጠጠር ማለትም ለመንገዱ ክብር ብዬ ነው። መኪናዋ ሞተሯ ደኅና ነበር፤ የሹፌሩ መቀመጫ ግን ዕድሜውን ጨርሶ፣ በግራ በኩል ያለው ሞላ ቆዳውን ቀዶ ወጥቶ፣ የተቀመጠበትን ሰው ልክ እንደ ተናካሽ ውሻ አድፍጦ ይጠብቀው ነበር። አባቴም እሱን ለመሸሽ ለዓመታት ወደ ቀኝ አዘንብሎ ሲነዳ ኖሮ፣ ከመኪና ወርዶም ወደ ቀኝ አዘንብሎ መሄድ ጀመረ። ቤተ ክርስቲያን ሲቆም ያዘነብላል፤ ለቅሶ ቤት ሲቀመጥ ያዘነብላል፤ የማያውቁት ሰዎች አጠገባቸው ላለው ሰው ምስጢር ሊነግር ያሰበ ይመስላቸውና ጆሯቸውን ይሰጡታል።

ወገቡን ለማዳን ያልተሞከረ ነገር የለም። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ የጉና ብርድ ገብቶበት ነው አለ፤ አንዷ ቅቤ አቅልጣ አሸችው፤ ሌላው ወገቡን በመቀነት ጥፍንግ አድርጎ አሰረውና እስትንፋሱ አጥሮ መለሰው። እናቴ የሺ፣ ከሁሉ በፊት ወንበሩን እንጂ ባሏን መውቀስ እንደማይገባ የተረዳች ሴት ናት፤ የጤፍ ጭድ ጠቅጥቃ ወፍራም ትራስ ሰፋችለት። ትራሱ ጥሩ ነበር። ጥሩነቱን ግን ከአባቴ በፊት የጎረቤታችን ዶሮ ደረሰችበት፤ መኪናዋ በራችን ላይ በቆመች ቁጥር በተሰበረው መስኮት ዘልላ ትገባና ትራሱ ላይ እንቁላል ትጥላለች። አንድ ማለዳ አባቴ ሳያይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲያ ትራሱ ለዶሮዋ ተተወላት፤ አባቴም ወደ ሞላው ተመለሰ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሐጂ ኑሩ ቤታችን መጡ። አባቴ ያን ሰሞን ከእብናት ሲመለስ ከጋቢናው በራሱ መውረድ አቅቶት፣ ጫኞች እንደ ኩንታል ተቀባብለው ነበር ያወረዱት፤ ይህን ሰምተዋል። ሻይ ቀርቦላቸው፣ ጠጥተው፣ ስለ ዝናቡ ተናግረው፣ በመጨረሻ የመጡበትን ነገር አወጡት። ከመስቀል በፊት ባለው የእብናት ገበያ ቀን አብረውት ሊሄዱ ነው። ደኅና ሄዶ ደኅና ከተመለሰና በራሱ እግር ከወረደ መኪናዋን መንዳቱን ይቀጥላል፤ ካልሆነ ግን ለሌላ ሹፌር ይሰጧታል። አባቴ ከመንዳት ሌላ ሙያ አልነበረውም፤ ቢኖረውም አይወደውም። ሐጂ ከሄዱ በኋላ ወደ ቀኝ አዘንብሎ እሳቱን ሲያይ ቆየ።

ዘዴውን ያገኘችው እናቴ ናት። አጎቷ ቄስ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በበቅሎ ሽቅብ ቁልቁል ሲሉ ኖረው እንደ ጧፍ ቀጥ ያሉ ነበሩ። «አጎቴ አንድ ቀን ወገቤን ሲሉ ሰምተሃል?» አለችው። «ወንበር አይደለም ያጣኸው፤ ኮርቻ ነው።» አባቴ ሳቀባት። እሷ ግን በማግስቱ አያ በላቸውን ይዛ መጣች።

አያ በላቸው ለአገሩ ቄስና ዳኛ ሁሉ ኮርቻ የሠሩ ሽማግሌ ናቸው። በመኪና ተሳፍረው አያውቁም፤ ለመሳፈርም አልተቸገሩም። ሲመጡ አባቴን ዞር ብለው አላዩትም። መኪናዋን እንደሚገዟት በቅሎ አንድ ጊዜ ዞሯት፤ ጎማዋን በእግራቸው መታ መታ አደረጉ፤ ከዚያ የጠፍር ገመዳቸውን አውጥተው ኮፈኗን እንደ ደረት ለኩ፣ ጎኗን ለኩ፣ ልኩንም ገመዱ ላይ በቋጠሮ ያዙ። ሽቅብ ስትወጣ ታለከልክ እንደሆነ፣ ቁልቁል ስትወርድ ወደ ፊት ትደፋ እንደሆነ፣ ሸክም ሲበዛባት የቱ ጎኗ ቀድሞ እንደሚደክም ጠየቁ። አባቴ መልሶ መልሶ ሲታክተው፣ የታመመው እሱ መሆኑን፣ የሚለካውም የእሱ ወገብ መሆኑን በትሕትና አስረዳቸው።

«ልጄ፣ ኮርቻ የሚሠራው ለበቅሎዋ ነው» አሉት። «እሷን ከተመቻት አንተን መመቸቱ አይቀርም።»

«አያ፣ እሷ እኮ አንድም ቀን ወገቤን ብላ አታውቅም» አለ አባቴ።

«እንግዲያው ጥሩ ከብት ናት» አሉና ገመዳቸውን ጠቅልለው ሄዱ።

አዲስ ኮርቻ በማያውቀው ከብት ላይ ከነድርቀቱ አይጫንም፤ መጀመሪያ በለመደች በቅሎ ላይ ተቀምጠውበት ይገሩታል። አያ በላቸውም ልማዳቸውን ለመኪና ብለው አልተዉም። የመኪናችንን መቀመጫ በራሳቸው በቅሎ ጭነው ገበያ ሄዱበት፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዱበት፣ አንድ ተዝካርም ደረሱበት። እኛ በመንገድ ባየናቸው ቁጥር መቀመጫችን እንዴት እንደዋለ እንጠይቃቸዋለን፤ እሳቸውም ገና ነው፣ ትከሻውን አልጣለም ይሉናል። ሲያመጡት የዋንዛ እንጨቱ በበሬ ጠፍር ተወጥሮ፣ በጉና በግ ጠጉር ተሞልቶ፣ ላዩ ቀይ ቆዳ ለብሶ ነበር፤ የበቅሎዋም ላብ እስከ ውስጡ ዘልቆ ነበር። እርካብም አብሮ ነበር። አባቴ እርካቡን በእጁ ይዞ ብዙ ካሰበ በኋላ፣ ፍሪሲዮንና ፍሬን የሚረግጥ ሰው ለእርካብ የሚተርፍ እግር እንደሌለው ነገራቸው። አያ በላቸው ቅር እያላቸው ወሰዱት።

ብየዳ ቤት ወስደው ከጋቢናው ወለል ጋር አሰሩት። አባቴ ወጥቶ ተቀመጠበት፤ ወገቡ ሳያስበው ቀጥ አለ። ለዓመታት ያዘነበለው ሰውነቱ እንደተነሣ ምሰሶ ቆመ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ አባቴ ሞተሩን አስነሣ፣ መኪናዋ ከቦታዋ ነቅነቅ ስትል ጭንቅላቱ ከጣራው ጋር ጓ አለ። ኮርቻ ነውና ከፍታ አለው፤ አባቴም ረጅም ነው። ዝቅ ይደረግልኝ ብሎ ለመናቸው። አያ በላቸው ግን ኮርቻ ዝቅ ካለ የበቅሎዋን ጀርባ እንደሚልጣት አስረግጠው ነገሩትና ከዚህ በላይ ሊሰሙት አልፈቀዱም። የገበያው ቀንም ደርሶ ነበር። አባቴ አንገቱን ወደ ግራ ሰበር አድርጎ ሲቀመጥ ጣራው እንደሚያልፈው ደረሰበት፤ በዚያው ጸና።

ጠዋት ልንነሣ ስንል እናቴ ለብቻ ጠራችኝ። አባቴ ሕመሙን እንደሚደብቅ፣ ሐጂም ያዩትን ሁሉ እንደማይናገሩ ታውቃለች። ስለዚህ እኔ ከመካከላቸው እቀመጣለሁ። «የሆነውን ትነግሪኛለሽ» አለችኝ፤ «ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።» ከዚያ ወዲህ ብዙ አለቆች ብዙ ቦታ ልከውኛል፤ የሥራውን ነገር ከዚህ ባጠረ ቃል ያስረዳኝ የለም።

ቁልቁለቱን ወርደን ጠጠሩ ሲብስ፣ መኪናዋ በዘለለች ቁጥር አባቴ ጣራውን ለመሸሽ ጭንቅላቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ዝቅ ባደረገ ቁጥር በመንገድ ዳር ያለው ሰው እጅ የነሣው ይመስለዋል። የአገራችን ሰው እጅ ለነሣው ሰው አጸፋውን ሳይመልስ አያልፍም። ገበሬው በቅሎውን ወደ ዳር ስቦ ባርኔጣውን ያነሣል፤ ሴቶቹ ከነሸክማቸው ጎንበስ ይላሉ፤ አባቴም መንገዱ ስለማይፋታው እንደገና ይመልስላቸዋል። ጣራ ገዳም ከሚባለው ገዳም ሥር አንድ አረጋዊ መነኩሴ ይህን ያህል የሚሰግድ ሹፌር አይተው ስለማያውቁ መስቀላቸውን ዘርግተው፣ አቧራችን እስኪሸፍናቸው ድረስ ባረኩን። ሐጂ ኑሩ ሁሉንም አዩ። በመጨረሻ፣ ከመቼ ወዲህ እንዲህ ሰው አክባሪ እንደሆነ ጠየቁት፤ አባቴም መንገዱ ነው ያስተማረኝ አላቸው።

እብናት ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ነበር። ገበያተኛው ለሁለት ተከፍሎ አሳለፈን። ሐጂ ግን ዓይናቸው አባቴ አንገት ላይ ነበር።

«ጌታሁን፣ አንገትህ ምን ሆኖ ነው?»

«ሐጂ፣ የተነጋገርነው ስለ ወገቤ ነው» አለ አባቴ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ። «አንገቴ የለበትም።»

ሐጂ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ የሚስቁት እንዲያ ነበር። ሳቃቸው ግን አልሰነበተም። የእሳቸው መቀመጫ የዱሮው ነው፤ የሹፌሩን ወንበር ሲነክስ የኖረው ሞላ በዚያም በኩል ወንድም ነበረው። ስንመለስ አዲስ ዘመን ላይ መቁነጥነጥ ጀመሩ፤ ወረታን ስናልፍ በሁለት እጃቸው ዳሽቦርዱን ይዘው ከመቀመጫው ተነሥተው መሄድ ጀመሩ፤ ዳገቱን ስንጨርስ ወደ እኔ አዘንብለው ነበር። እኔም ምስጢር ሊነግሩኝ መስሎኝ ጆሮዬን ሰጠኋቸው።

በራችን ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ይጠብቅ ነበር። አባቴ ሞተሩን አጠፋ፤ በሩን ከፈተ፤ አንገቱን ከጣራው አስለቅቆ በራሱ እግር ወረደ። ቀጥ ብሎም ቆመ። ሐጂ ኑሩ አልወረዱም። በሩ ተከፍቶላቸው እንደታጠፉ ቀሩ። አባቴ በፊት በኩል ዞሮ፣ ከብብታቸው ገብቶ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ መሬት አኖራቸው። ማንም አልሳቀም፤ መሳቅ የሚገባውን ሰው ሁሉም ይጠብቅ ነበር። ሐጂ የአባቴን ክንድ እንደያዙ ጥቂት ተነፈሱ።

«ነገ ያ ሽማግሌ ይምጣ» አሉ። «የበቅሎዋን ያንኛውንም ጎን ይለካ።»

ማታ እናቴ ቃሌን ተቀበለችኝ። ወገቡን አላመመውም፤ አንገቱ ግን ወደ ግራ ጠሟል አልኳት። ነገሩን መዘነችው። «ድሮ ወደ ቀኝ ነበር የሚያዘነብለው» አለች፤ «አሁን ወደ ግራ ካለ፣ ተካክሷል።»

ለሐጂም ተሠራላቸው፤ አጭር ስለነበሩ እግራቸው ወለሉን አልደርስ አለና፣ አያ በላቸው ቅር ብሏቸው የወሰዱትን እርካብ ይዘው ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሁለቱ ሰዎች እንዲያ ጎን ለጎን፣ አንዱ እየሰገደ አንዱ እርካብ ረግጦ፣ ያንን መንገድ ለዓመታት ተመላለሱበት።

አሁን መንገዱ አስፋልት ነው፤ የሚያሰግድ ጉድጓድ ጥቂት ነው። ሐጂ የሉም፤ አያ በላቸውም የሉም፤ በደጃቸው ኮርቻ ይሰቀልበት የነበረው ምሰሶ ላይ የስልክ ካርድ ማስታወቂያ ተሰቅሏል። መኪናዋ ለብረት ስትሸጥ አባቴ መቀመጫውን ነቅሎ ቤት አመጣው፤ ዕድሜው እስኪያልቅም ከሱ ሌላ ወንበር ላይ አልተቀመጠም። ሳሎናችን ጣራው ሩቅ ነው። እሱ ግን ሬዲዮ ሲሰማም፣ ቡና ሲጠጣም፣ እናቴን ሲቀብርም፣ አንገቱን ወደ ግራ ሰበር አድርጎ ነበር። እንግዶች ሲመጡ ታሞ ነው ወይ ይሉን ነበር፤ አይ፣ እየነዳ ነው እንላቸው ነበር።

ከሀብታሙ ጋር የሄድን ዕለት ሥራዬን ከጨረስሁ በኋላ እዚያው ደብረ ታቦር ወንድሜ ቤት ሄድሁ። የአባቴ ወንበር መስኮቱ ሥር ነበር፤ ቀዩ ቆዳ ቡናማ ሆኗል፤ መሃሉ በአንድ ሰው ልክ ጎድጉዷል። ተቀመጥሁበት። ለእኔ ሰፊ ነው፤ ቁልፍ ስለሌለውም ወደ እኔ ልክ አይመጣም፣ ወደ ማንም አይመለስም። የበቅሎዋን ላብ ፈለግሁ፤ ጠፍቷል። ወንድሜ ከጓዳ ሻይ ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«አንገትሽ ምን ሆኖ ነው?» አለኝ።