ከመዝገብ የወጣው ጳጳስ

አዲሱ የሮማ ጳጳስ ሲመረጥ የልጅ ልጄ ሊያ ሳን ሆዜ ቤታችን ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ሥር ተጥዳ ነበር። ነጩ ጭስ ሲወጣ አጨበጨበች። የእኛ ሃይማኖት አይደለም ብላትም ግድ አልሰጣትም። ከዚያ ዞር ብላ፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፣ ከሁሉም አጭር ጊዜ የቆየው ጳጳስ ስንት ቀን በሹመት እንደነበረ ጠየቀችኝ።

«ሦስት ቀን» አልኳት ሳላስብ። እንዴት እንዳወቅሁ ገርሟት አፈጠጠችብኝ። እኔም የምከትፈውን ሽንኩርት ትቼ ቁጭ አልኩ።

ያስተማሩኝ ሚስስ ሮዛ ናቸው። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ ከሱዳን በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ሳን ሊያንድሮ የሚኖሩትን እኒህን ጣሊያናዊት ባልቴት እየተንከባከብኩ እሠራ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ጌታቸው ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ትራክ ይነዳል። እኔ በአውቶቡስ ሄጄ የባቄላ ሾርባቸውን አሞቅላቸዋለሁ፤ ከዚያ ጓሮ ካለው የበለስ ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። ሌላ አሮጊት ጎረቤቷን ታማለች፤ የእኔዋ ግን የሞቱ ጳጳሳትን ነበር የሚያሙት። በተለይ ሹመታቸውን ሳያጣጥሙ የሄዱትን።

«አንቺ ከመምጣትሽ ጥቂት ዓመት በፊት ሠላሳ ሦስት ቀን ብቻ የቆየ ነበር» ይሉኛል። ድሮ ደግሞ ዘውዱን ሳይደፋ በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ወባ የገደለው አለ። አብልጠው የሚያዝኑለት ግን በተመረጠ በሦስተኛው ቀን ለሞተው ነው። ሥርዓተ ሢመቱ ስላልተፈጸመ፣ እሳቸው በልጅነታቸው በተማሩበት መጽሐፍ ስሙ አለ፤ በአዲሱ መጽሐፍ ግን ከጳጳሳቱ መዝገብ ወጥቷል። ሁለቱን መጻሕፍት ጭናቸው ላይ ዘርግተው ባዶውን ቦታ በጣታቸው ያሳዩኛል።

«ተመርጦ የለም? ጥፋቱ መሞቱ ነው?» ይላሉ።

ሆዴ ገፍቶ ስለነበር ስስቅ ጎኔን ያመኛል። «ወንበሩን እንኳ ሳያሞቅ ለሄደ ሰው ምን አስጨነቀዎት?» እላቸው ነበር። ያ ሳቅ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ልጄ ሐምሌ ላይ ተወለደ። ወንድ ነው። ልቡ ላይ ቀዳዳ አለ ተባለና ሆስፒታል ቀረ። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው፤ ብንቆጥር ልክ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ዋለልን። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ጌታቸው ከአንድ ገበሬ በግ አስያዘ፤ እኔ ሰው ጠራሁ። በአካባቢያችን የራሳችን ቄስ ስላልነበረን ከሎስ አንጀለስ አንድ አባት ሊመጡልን ቃል ገቡ። «ሕመም ከጸና ግን አርባው አይጠበቅም፤ በማንኛውም ሰዓት ጥሩኝ» ብለውን ነበር። ስሙንም ለዚያ ቀን አቆየነው። እጁ ላይ የታሰረችው ፕላስቲክ «ቤቢ ቦይ» ትላለች፤ እኛ ማሙሽ እንለዋለን።

በሠላሳ አንደኛው ቀን ሐኪሞቹ ልቡ መድከሙን፣ በሁለት ቀን ውስጥ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ነገሩን። ሚስስ ሮዛ ሰምተው ደወሉልኝ።

«ቄሴን ልላክልሽ? አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

«እኛ እኮ ካቶሊክ አይደለንም።»

«እንግዲያው የራስሽን ጥሪ። ዛሬውኑ ጥሪ።»

ጌታቸው አጠገቤ ቆሞ ነበር። «አባን ኮል ላድርግላቸው?» አለኝ።

«ፍልሰታ እኮ ነው፣ ጌቾ! በጾም በግ ልታርድ ነው? ያን ሁሉ ሰው ጠርቼ ሽሮ ላበላ? ደግሞ ሊሞት ነው እንዴ የምታጣድፈኝ? አታሟርትብኝ። ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው።»

ጌታቸው «እሺ» አለ። እኔ ስናገር እሺ ማለት ልማዱ ነው። ሰዎች ስለ ሃይማኖቴ ጥብቅነት ያመሰግኑኛል፤ ያን ቀን ግን የያዘኝ ሃይማኖት አልነበረም። በጉ ነበር። ሰው ምን ይለኛል ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ማሙሽ ሞተ። ሚስስ ሮዛ ከሚያወሩለት የሠላሳ ሦስት ቀን ጳጳስ እንኳ በአንድ ቀን አነሰ።

አባ በአውቶቡስ ደረሱ። እግራቸው ላይ ወድቄ ፍትሐት እንዲያደርሱለት ለመንኳቸው። እያለቀሱ አነሡኝ። «ልጄ፣ ላልተጠመቀ ፍትሐት አይደረስም። ምነው በጠራችሁኝ!» አሉ። ጌታቸው አላየኝም። አንድ ቃል ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር፤ እስኪሞት ድረስ አልወቀሰኝም።

የመቃብር ቦታው ኮረብታ ላይ ጉም ወርዶ ነበር። ሣጥኑን ጌታቸው ብቻውን ተሸከመው፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ አልነበረም። ሚስስ ሮዛ በምርኩዝ መጥተው ዳር ቆሙ። ወደ ሥራ ስመለስ በለሱ በስሎ መሬት ላይ ይበሰብስ ነበር። ስለ ጳጳሳት ዳግመኛ አላነሡልኝም። መጻሕፍቱንም የት እንዳደረጓቸው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ልጆች ወለድኩ። ሁሉም በቀናቸው ክርስትና ተነሡ። ባለቀስኩ ቁጥር ሰው የደስታ እንባ ይመስለው ነበር።

«እሱስ ይቆጠራል?» አለችኝ ሊያ፣ ሥርዓቱ ሳይፈጸም መሞቱን ስነግራት፤ ያን የሦስት ቀን ጳጳስ ማለቷ ነው።

«አይቆጠርም።»

«ኖት ፌር!» ብላ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች።

ስምንት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ታላቅ ወንድም እንደነበረው አታውቅም። አባቷም አያውቅም። በቤተ ክርስቲያን ፎርም ላይ፣ በሐኪም ቤት፣ ለቅሶ ቤት አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ስንት ልጅ ወለድሽ ብላ ስትጠይቀኝ፣ መልሴ አንድ ነው። ልጄን ከመዝገብ ያወጣው ከእኔ በቀር ሌላ ማንም አይደለም። አራት ወልጄ፣ ሦስት እላለሁ።