አዋሽ የቀረው ነጭ ሽንኩርት

ያን ሰውዬ ይቅር በይው የሚሉኝ አሉ። ምነው፣ ስለምን ብዬ? ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አባቴ ጎንደር ከተማ ውስጥ የነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ነበር። ከትክል ድንጋይ ገበያ እየሰበሰበ ድሬዳዋ ይልካል። ደርግ ወድቆ መንገዱ ሲከፈት የሰፈራችን ነጋዴዎች ተማከሩና አንድ ደንብ አበጁ። በየተራው አንድ ሰው የሁሉንም ጆንያ በመኪና አዲስ አበባ ያደርስና ለገሃር ባቡር ላይ ያስጭናል። ተረኛው መጀመሪያ የሌላውን ያስጭናል፤ የራሱን መጨረሻ።

ተራው የጎረቤታችን ሲሆን የባቡሩ ፉርጎ ጠበበ። የራሱን አስጫነና የአባቴን ሃያ ጆንያ እዚያው ጣቢያው ግቢ፣ የክረምት ዝናብ ላይ ጥሎት ሄደ። ሸራ እንኳ ጣል አላደረገበትም፣ ልበ ደንዳና! ይሁን፣ ስህተት ነው እንበል። ተመልሶ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ከቤቱ ሲወጣም የተበላሸ ሽንኩርት ነው፤ የእኔን እንዳያበላሽብኝ ብዬ ተውኩት።» ይህንን ያለው መስጊድ ደጃፍ ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

አባቴ ጠብ አይወድም፤ ሰምቶ ወደ ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ግን ከአባቴ ጋር አብሮ የሚጭን ጠፋ። የተበላሸ ዕቃ ሻጭ ተባለ። ሱቁን ዘግቶ ቤት ዋለ፤ ሰው ፊት መቆም አፈረ። እሱ ቢተወው እኔ አልተውኩትም። ያን ሰውዬ መንገድ ላይ ባየሁት ቁጥር ጥርሴን እነክስ ነበር።

አሁን ጉዱን ስሙ። የባቡሩ የጭነት ወረቀት በፈረንሳይኛ ነው። ባዶውን ቅጽ በብዛት ያመጡትና እዚሁ ጎንደር ይሞላል። የሚሞላው ማን ነው? እኔ ነኛ! አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ፈረንሳይኛ ባላውቅም የቱ ቦታ ላይ ምን እንደሚጻፍ ከመደጋገም ብዛት በቃሌ ይዤዋለሁ። አባቴን ካገለሉት በኋላም፣ አያፍሩም፣ ለወረቀቱ ወደ እኛው ቤት ይመጣሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት ያ ጎረቤታችን ራሱ መጣ።

«የኔ እመቤት፣ እንደው ቶሎ ብለሽ ጻፊልኝማ። እጅሽ ይባረክ።»

እጄ ይባረክ! ሽንኩርቱን ሚዛን እንዲያነሳለት ብሎ ፀሐይ ላይ ሳያደርቅ፣ እርጥቡን ጆንያ ውስጥ እንደሚጠቀጥቅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። መድረሻ በሚለው ቦታ ላይ በድሬዳዋ ፈንታ አዋሽ ብዬ ጻፍኩለት። እንዲያውም ጽሕፈቴ ከወትሮው አምሮ ነበር። አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና መርቆኝ ወጣ።

ሽንኩርቱ መንገድ ላይ፣ አዋሽ ጣቢያ ወረደ። ሰውዬው ድሬዳዋ ላይ ባቡር በመጣ ቁጥር ፉርጎ ሲያስከፍት፣ ሽንኩርቱ በዚያ በረሃ ቃጠሎ ጆንያው ውስጥ ተቀቀለ። ከአስር ቀን በኋላ ሲያገኘው አንድም የሚሸጥ ራስ አልተረፈውም።

ተመልሶ በራችን ላይ ቆሞ ጮኸ። «ልጅህ ናት ያጠፋችኝ! ጉድ ሠራችኝ!» ጎረቤት ወጣ። አባቴም ወጣ፤ እኔን አየኝ፤ አንገቴን ደፋሁ። አባቴ በሩን ዘጋበት።

አለቀልኝ አልኩ። አባቴ ሶላቱን የማያስተጓጉል፣ ሰው አትበድሉ እያለ ያሳደገን ሰው ነው።

«አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባዬ፣ እኔ ነኝ። ደግሞ አልጸጸተኝም።»

ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ውጭ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ሸቷል?» አለኝ።

«የጣቢያው ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው ነው አሉ ያስነሱት።»

ሱቁን ከዘጋ ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ዕንባውን በእጁ ጀርባ ጠርጎ ተቀመጠና፣ «ነይ፣ እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለ።