ፖምፔን ያየንባት ቅዳሜ

እርጥብ ጄሶ ይሸተኛል። የምሠራው ሳንታ ሞኒካ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ዛሬም የአንድ ሽማግሌ ክንድ በጄሶ ስጠቀልል ዋልኩ። ስታጠብ ብውልም ከጥፍሬ ሥር አይወጣም፣ ድካሙም እንደዚያው። ይህ ሽታ በመጣ ቁጥር ከአባቴ ጋር የፖምፔን ኤግዚቢሽን ያየንባት ቅዳሜ ትዝ ትለኛለች። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር።

ዐርብ ዕለት የአባቴ እናት አዲስ አበባ ውስጥ ከዚህ ዓለም ማረፏን ሰማን። አባቴ ግን አልሰማም። መርዶ በወጉ የሚነገረው ንጋት ላይ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አፍ ነው። ከአትላንታና ከዲሲ የሚመጡት ዘመዶች ተሰባስበው እሑድ ጎህ ሲቀድ እስኪነግሩት፣ ቅዳሜ ዕለት እሱን ከቤት ማራቁ የኔ ሥራ ሆነ። እናቴ ኩሽና ጎትታ አስገባችኝ።

«ስልኩን ቻርጅ አደርግልሃለሁ ብለሽ ያዢው። አንዱ ጅል ፌስቡክ ላይ ነፍስ ይማር ብሎ ይለጥፍበታል። ፊትሽንም ጠብቂ። አፍሽ አያሳስበኝም፣ ፊትሽ ነው የሚያሳብቅብሽ።»

ለትምህርት ቤት ሥራ ኤግዚቢሽኑን ማየት አለብኝ ብዬ ዋሸሁት። አባቴ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ነበር የሚሠራው፤ የሳምንት አንድ የዕረፍት ቀኑን ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው። ያን ቀን ግን የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሶ ከሰፈራችን ከፌርፋክስ ጀምሮ እያፏጨ ነዳ። አብረን እንሂድ ካልኩት ዓመት አልፎኝ ነበር። ያ ደስታው ነው አንጀቴን የበላኝ።

አዳራሹ ቀዝቃዛና ጨለምለም ያለ ነበር። የጥንቷ የጣሊያን ከተማ የፖምፔ ሰዎች እንደወደቁ መብራት ሥር ተጋድመዋል። እሳተ ገሞራው የተፋው አመድ እንደቀበራቸው፣ ሥጋቸው በስብሶ ቅርጻቸው አመዱ ውስጥ ባዶ ጉድጓድ ሆኖ እንደቀረ፣ ከስንት ዘመን በኋላ ጄሶ እንደተፈሰሰበት አስረዳሁት። አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ በያንዳንዳቸው ፊት እየቆመ፣ እያማተበ፣ ጮክ ብሎ «ነፍስ ይማር» ይል ጀመር። ሰው ዞሮ ያየናል።

«አባዬ፣ ጄሶ እኮ ነው» አልኩት በሹክሹክታ።

«ይሁና። ቀባሪ ያጣ ሰው ዝም ተብሎ አይታለፍም።»

በጎኗ ከተጋደመች፣ ልብሷን ፊቷ ላይ ከሳበች ሴት ዘንድ ሲደርስ ቆየ።

«እማዬ እንዲህ ነው የምትተኛው። ነጠላዋን አፍንጫዋ ድረስ ስባ!» ብሎ ሳቀ። «ስንመለስ እንደውልላታለን። የመኖሪያ ወረቀቴ ከወጣልኝ ለፋሲካ እሄዳለሁ፣ ትኩር ብዬ አያታለሁ።»

የአባቴ ስልክ ኪሴ ውስጥ ይነዝራል። አልቻልኩም። እዚያው ሰው መሃል ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አባቴ ደነገጠ፣ ከዚያ አቀፈኝና አገጩን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈ።

«አይዞሽ፣ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሆናቸው ምን ቀራቸው» አለኝ።

ለፖምፔ ሰዎች ያለቀስኩ መስሎታል። መንገዱን ሁሉ ሲያሞግሰኝ መጣ። ቤት ስንገባ ልደውል ሲል፣ አዲስ አበባ አሁን ሌሊት ነው፣ ትተኛ ብለን አስተውነው። እናቴ ለነገው ለቀስተኛ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«ልጅሽ እኮ አንጀት አላት» አላት አባቴ። «ለማታውቃቸው ሰዎች አለቀሰች።»

እናቴ ሌላ ሽንኩርት አነሳች።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። አባቴ በፒጃማው ከፈተ። ቄሱና ዘመዶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ያንን ሲያይ ማንም ሳይናገር ገባው። እነሱን ትቶ ወደኔ ዞረ።

«ትናንት ያለቀስሽው ለሷ ነው?»

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ዋሸሽኝ ይለኛል፣ እድሜ ልኩን አያምነኝም ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን እዚያው በሩ ሥር ቁጭ አለና እጄን ያዘኝ።

«እሰይ ልጄ» አለኝ። «እኔ ስስቅ፣ አንድ እንኳ የሚያለቅስላት ሰው ነበረ።»